የእናቴ ድንጋይ

ያ ድንጋይ ዛሬም ከእናቴ ደጃፍ አለ። ጋይንት በሄድሁ ቁጥር ፀሐይ ሲያገኘው እጄን አሳርፍበታለሁ፤ ይሞቃል። ባለፈው ሰሞን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማ፣ በደልና ግፍ ምን ይለያቸዋል?» አለችኝ። «በደል ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ካሳም አለው» አልኋት። ግፍን ለመንገር ግን ወደዚህ ድንጋይ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። ወንድሜ አውድማ ላይ ጤፍ ሲወቃ ታጣቂዎች መጥተው ያዙት። የውትድርናው ዕጣ የወጣው በገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ልጅ ላይ ነበር። እሱን ሸሽገው የኛን በፈንታው ወሰዱት። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማን ይናገር? አባቴ ከሞተ ወዲህ እርፍ የሚጨብጥልን ወንድሜ ብቻ ነበር። የማኅበሩ መጋዘን አስገብተው ዘጉበት፤ በማግሥቱ መኪና ከንፋስ መውጫ መጥቶ ይወስደዋል ተባለ።

በኛ አገር ድንጋይ የሚሸከም በዳይ ነው። አንገቱ ላይ አድርጎ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል፤ የሚያወርደው ይቅር ሲባል ነው። ያን ጧት ግን ከአጥራችን ሥር ድንጋይ የፈነቀለች እናቴ ነበረች።

የንስሐ አባታችን መንገድ ላይ አገኙን። «ምነው ልጄ! የተበደልሽው አንቺ፣ ድንጋዩን የምትሸከሚው አንቺ?» አሏት።

«እውነቴን ይዤ ብሄድ ሊቀመንበሩ አባረረኝ፣ አባቴ። እስቲ ጥፋተኛ ሁኜ ልሂድለት። ብቻ ልጄን ይልቀቅልኝ።»

ከሊቀመንበሩ ደጅ ተንበረከከች። «አጥፍቻለሁ ጌታየ፣ ይማሩኝ።» ምን እንዳጠፋች እንኳ አልጠየቃትም። ላቧ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ጥርሱን ይፍቃል። ከታች የመኪናው ድምፅ አቀበቱን እያቃሰተ ይመጣል።

«በይ፣ ይቅር ብየሻለሁ። አውርጅው» አላት በመጨረሻ።

«ልጄስ?»

«እሱ የአብዮቱ ነው።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰውየ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

መኪናው ወንድሜን ከመጋዘኑ ጭኖ፣ አቧራና የናፍጣ ሽታ ለቆብን አለፈ። ወንድሜ ከላይ ሆኖ፣ «በሬዎቹ ውኃ አልጠጡም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማነውም።

እናቴ ድንጋዩን አላወረደችውም። ተሸክማው ተመለሰችና ከደጃፏ አኖረችው። እስክትሞት ድረስ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እዚያ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር።

«እማ፣ በርዶሻል፣ ተነሽ» እላታለሁ።

«እሱ መጥቶ ያንሣኝ» ትለኛለች።