ላብ ያልነካው ቦታ

ከኢንዱስትሪ ቀጠናው የፈረቃ ሥራ ወጥቼ ከአፉላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የፈረስ ግልቢያ ማስተማሪያ ስቀጠር ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፎ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን አሥር ዓመት አልፎን ነበር። የማስተማሪያው ባለቤት ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። "ከፈረስ ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ በጎንደር አገር ልጓም የሚሠራ ቀጥቃጭ እንደነበረ፣ እኔም በቅሎ እየጫንኩ እንዳደግሁ ነገርኩት። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ስለማውቀው ነገር የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ከማውቀው በላይ አወራሁ። በሳምንቱ ሠራተኞቹ "ፈረስ አዋቂው" ይሉኝ ጀመር። እኔም አላረምኳቸውም። ሰው በማይገባው ስም ሲጠሩት ዝም ካለ ዋሽቷል ብዬ ልጆቼን ስመክር ኖሬአለሁ።

በዚያው በጋ ባለቤቱ ልጆች የሚማሩባት አንዲት ዳማ ባዝራ ገዝቶ አመጣ። በገመድ ስትመራ እንደ በግ ትከተላለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰላም ነበረች። ከዚያ ኮርቻ ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጋድም ጀመር። የሆዷን ጠፍር ሳጠብቅ ክንዴን ልትነክስ ትዞራለች፣ ሰው ሲወጣባት ጀርባዋን ታጎብጣለች። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ጣለች። ልጅቷ አልተጎዳችም፤ የባለቤቱ ፊት ግን ገረጣ።

"ይሄ ህመም ነው ወይስ ሁጽፓ?" አለኝ። በዕብራይስጥ ሁጽፓ የሚሉት ዓይን ያወጣ ድፍረትን ነው።

ጀርባዋን በመዳፌ ዳበስኩት። ቁስል የለም፣ ገጣባ የለም። ሠራተኞቹ ቆመው ያዩኛል።

"ሁጽፓ ነው" አልኩት። "ሥራ መሸሽ ነው። ለእኔ ተዋት።"

"እስከ ሱኮት በዓል እጠብቃለሁ። ካልታረመች የፈረስ ነጋዴው ይወስዳታል።"

ነጋዴው የወሰዳቸው ፈረሶች የት እንደሚደርሱ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

በየማለዳው በመጀመሪያው አውቶቡስ ከምንኖርበት ከጊቫት ሃሞሬ ሰፈር እየወረድኩ እሷን ማረም ሥራዬ ሆነ። ልትነክስ ስትዞር በክርኔ፣ ስታጎብጥ በአለንጋ። አንድ ቀን ሙቀቱ ሰውንም እንስሳንም ባዛለበት ሰዓት ኮርቻውን ሳወርድ ገላዋ ሁሉ በላብ ርሷል። ከአንገቷ ግርጌ ካለው ጉብታ ግራና ቀኝ ግን መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች አየሁ። አባቴ በቅሎ ሲያራግፍ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነበር። "ላብ ያልነካው ቦታ ኮርቻው አንቆ የያዘው ነው" ይል ነበር። "ዛሬ ደረቅ ነው፣ ነገ ይቆስላል።"

ባለቤቱ ከወዲያ ማዶ ሲመጣ አየሁት። የውኃውን ቱቦ አንስቼ ጀርባዋን በሙሉ አረጠብኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮርቻ ባወረድኩ ቁጥር ሰው ሳይደርስ አጥባታለሁ። ህመም ነው ብል "ታዲያ ለምን ሁጽፓ አልከኝ?" ይለኛል። ዝም ብል ነጋዴው ይመጣል። የፋብሪካውን ጩኸት አስብና ዝም እላለሁ። ቤትም ስገባ ማውራት ተውኩ። ሚስቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ወገቤን አሞኝ ነው እላታለሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወገብ ሲታመም የሚዘጋው አፍ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ምክንያቱን ለብቻዬ ፈልጌ ካገኘሁት ማንም ሳያውቅ አድናታለሁ ብዬ አሰብኩ። ኮርቻውን ገልብጬ አየሁት፤ ስባሪ የለውም፣ ሚስማር የለውም። ከሥሩ የማነጥፈው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ከቤቴ ያመጣሁት፣ ሁለት ላይ አጥፌ። የአገራችን ኮርቻ እንጨት ስለሆነ ከሥሩ ወፍራም ነገር ካልተነጠፈ ጀርባ ይበላል። አባቴ "ለጨርቅ የሚሳሳ ለጀርባ አይራራም" ይል ነበር። ስለዚህ ሦስተኛ እጥፍ ጨመርኩላት። በማግስቱ ይበልጥ ባሰባት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወታደር የሆነችው ልጄ ከማሠልጠኛ መጣች። እያነከሰች ነው። ቡት ጫማዋን ስታወልቅ ተረከዟ ተልጧል።

"ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው፣ አባ። እንዳይልጠኝ ብዬ።"

"ጫማው ልክሽ አይደለም?"

"በአንድ ካልሲ ልኬ ነው።"

ተቆጣሁ። "ልክሽ የሆነ ጫማ ላይ ሌላ ካልሲ የምትደርቢው ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? እግርሽን አንቆ መያዝ እንጂ ምን ይጠቅምሻል?"

ቀጥዬ የምናገረው ነበረኝ፤ "አንቆ" የሚለውን ቃል ከራሴ አፍ ስሰማ ግን ቆምኩ።

"ዳይ፣ አባ፣ ይበቃል፣ ገባኝ" አለች። ስለ እግሯ መስሏት ነበር።

እሑድ ጠዋት ብርድ ልብሱን በከረጢት ደብቄ አንድ ስስ ጨርቅ ብቻ አንጥፌ ጫንኳት። ያሰብኩትን ልደብቅ አልፈልግም፤ ባዝራዋ ጸጥ ትላለች፣ በአለንጋዬ እንዳረምኳት ይነገርልኛል ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠፍሩን ገና ስነካው እጅጌዬን ነክሳ ያዘች። ከሥር የታነቀ ሥጋ ኮርቻ ስለሰፋለት በአንድ ቀን አይድንም።

ባለቤቱ አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። ሱኮት ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"በቃ። ነጋዴው ጋ እደውላለሁ። አንተም ብለኸኛል፣ ሁጽፓ ነው።"

"ቆይ" አልኩት። "ህመም ነው። ያሳመምኳት እኔ ነኝ።" ብርድ ልብሱን ከከረጢቱ አወጣሁ፤ እንዴት አድርጌ አነጥፈው እንደነበር አሳየሁት።

አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። "ህመም መሆኑን መቼ አወቅህ?"

ዛሬ ማለት እችል ነበር። ያምነኝም ነበር።

"ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ቀጥሎ መጥቶ ኮርቻውን ራሱ ከጀርባዋ አወረደው። "ሐኪም ይያት። አንተ ከዛሬ ጀምሮ ኮርቻ አትነካም።"

ሐኪሙ ዝናቡ እስኪያበቃ ትረፍ አለ። እኔ የፋንድያ ጋሪ ተሰጠኝ። "ፈረስ አዋቂው፣ ፋንድያው ናፍቆሃል" ይሉኛል ሠራተኞቹ። የተገባኝ ስለነበረ ጋሪዬን እገፋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ባለቤቱ ከሰላምታ ሌላ አላናገረኝም።

ዝናቡ ሲያበቃ ባዝራዋ ወደ ሥራ ተመለሰች። ልጆቹን ግልቢያ የምታስተምረው ሴት በአንድ ጨርቅ ትጭናታለች፤ ባዝራዋም ሣር እያኘከች ትቆማለች። ጥቂት ቀን ካየሁ በኋላ ባለቤቱን አሁን እኔ ልጫናት ወይ አልኩት።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት።"

ኮርቻውን ይዤ ገባሁ። ጆሮዋን አጋድማ ወደ ጥጉ ሄደችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ብዙ ቆምኩ፤ አልዞረችም። ድናለች፤ ሌላው ሁሉ ይጭናታል። ስለዚህ ህመም ነው ማለት አልችልም። ሁጽፓ ነው ለማለት ደግሞ አፍ አልነበረኝም። ኮርቻውን ቦታው ላይ ሰቀልኩት።