ጨዋ ነው ያልኩት ሸርጣን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዝሙቴንም፣ በሐሰት መማሌንም ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን አፌ ላይ አድርሼ እመልሰዋለሁ። ስለ አንድ ሸርጣን ካህን ማስቸገር ያስቃል እላለሁ። አሁንም ልጽፈው እየተቀመጥኩ እነሳለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልዘልቅ የወጣሁ ሰው። መምህር ኢድሪስ የሳይንስ አስተማሪ ነበር። ሚስቱን ምጽዋ ቀብሮ ነው ወደ ደጋ የመጣው። ከክፍል ሲወጣ በመስታወት ገንዳ የሚያኖራቸው የወንዝ ዓሦች ፊት ይቀመጣል፤ ሌላ የሚያጽናናው አልነበረውም።

ሞጣ ለሠርግ አብረን ሄድን። የቅኔ ቤት ጓደኞቼ በተሰበሰቡበት፣ "እሳቸው እኮ ጨዋ ሰው ናቸው" ብሎ አመሰገነኝ። ሥርዓት ያለው ማለቱ ነበር። በቅኔ ቤት ግን ጨዋ ማለት ያልተማረ ነውና በሳቅ ፈነዱ። እሱ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። ሳያውቅ በተናገረ ሰው ቂም ይያዛል? እኔ ያዝኩ።

ብዙ ሳይቆይ የገንዳው መስታወት አረንጓዴ ዝልግልግ ለበሰ። ኢድሪስም በምጽዋ ባሕር፣ ኮራል ከሚሉት ሕይወት ካለው ድንጋይ ጋር ሽሪምፕ የሚባል ብዙ እግር ያለው ትንሽ እንስሳ እንደሚኖር አጫወተኝ። አንዳንዱ ድንጋዩን ያጸዳዋል፣ አንዳንዱ ይበላዋል፤ ስለዚህ ለገንዳም የሚያጸዳ እንስሳ ሲገባ መርጦ ነው አለኝ።

"እርስዎ ወንዝ ዳር ነው ያደጉት። መስታወቱን የሚያጸዳ፣ ዓሦቼን የማይነካ ይምረጡልኝ" አለኝ።

ትንሿ ቀንድ አውጣ እንደምትሻል አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሸርጣን አመጣሁ።

"አይነካቸውም?"

"ጨዋ ነው" አልኩት።

ያልተማረ ማለቴ ነው፣ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቅኔ የቆጠርኩት ለዚህ ኖሯል? እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ እኔ ነኝ በእጄ ገንዳው ውስጥ የጨመርኩት። እሱ ፈተና ሊያስፈትን ግንደወይን ሲሄድ፣ ዓሦቹ በየቀኑ ሲጎድሉ እያየሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ሲመለስ ሸርጣኑ ብቻውን ነበር። ኢድሪስ ባዶውን ውኃ እያየ አለቀሰ። አልተቆጣኝም። ዝውውር ጠየቀ።

አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል አቅፎኝ፣ "የሚስማማቸው የቱ ነበር? ሌላ ቦታ ደግሜ እንዳልሳሳት" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት።

ቀንድ አውጣ ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ሸርጣኑን ማምጣቴን በቂም ላመካኝ እችል ይሆናል። ያን ቀን ግን ቂሜ በርዶ ነበር፤ እንዲያውም አሳዝኖኝ ነበር። በዓይኑ ደግ ሰው ሆኜ ልቅር ብዬ ብቻ፣ ወደፊት የሚያኖራቸውንም ዓሦች ሳያውቅ እንዲገድል ሸኘሁት። ይቅር በሉኝ አልልም።