መዝጊያው በ«ልዩ ልዩ» ሥር

እጄን ያወጣሁት ተናድጄ ነው። ርዕሰ መምህሩ በወላጆች ስብሰባ መሐል ቆሞ፣ «የወላጆች ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ አንዲት ሴት ትኑር ተብለናል፤ በፈቃደኝነት የምታገለግል እናት ካለች» አለ። «ተብለናል» ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ቅሬታ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። አዳራሹን የሞላነው እናቶች ነን፤ አባቶቹ ወይ ሱቅ ናቸው ወይ አዲስ አበባ። ፊት ለፊት ከጠረጴዛው ኋላ የተደረደሩት ግን ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ ነጠላና ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው መሬት መሬት ሲያዩ ደሜ ፈላ። «እኔ አለሁ» አልኩ።

ሰብሳቢው ከአስፋልቱ ዳር ትልቅ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው። «ተባረኪ እትዬ! የሻይ ዳቦውን ነገር የሚያስብልን ሰው አጥተን ነበር» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ለመጀመሪያው ስብሰባ ዳቦ ይዤ እንድመጣ ተነግሮኝ ባዶ እጄን ሄድኩ። እስኪለምዱኝ ድረስ ሆዳቸው እየጮኸ ተሰበሰቡ።

ቡታጅራ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሱቄ ከትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ቤቴ። ሥራዬ ሆኖ ልጆቹን ከነልካቸው አውቃቸዋለሁ። ሴት ልጅ ስታድግ ጉርዷን ለማስረዘም ወደ እኔ ስለምትመጣ፣ ለእናቷ የማትነግራትን ለእኔ ትነግረኛለች። የጎረቤቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ወደ ቆሼ ከተማ ገበያ እየወረደ በርበሬ ይነግዳል፣ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እናቷ ገበያ ላይ ቆጮ ትሸጣለች። ልጅቱን በሒሳብ የሚበልጣት አልነበረም። ጨርቅ ስቆርጥ አጠገቤ ቆማ፣ «እትዬ፣ በዚህ በኩል ብታዞሪው ለኪስ የሚሆን ይተርፍሻል» ትለኝ ነበር። እኔም እየተነጫነጭኩ አዞረው ነበር።

ግንቦት ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ሱቄ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። ምንም ሳልጠይቃት ወደ ጓሮ አስገባኋት፣ ውኃ ቀዳሁላት፣ ሞዴስ ሰጠኋት። የወር አበባዋ ክፍል ውስጥ መጥቶባት ወደ ሽንት ቤት ሮጣ ነበር። የሴቶቹ ሽንት ቤት ደግሞ መዝጊያ የለውም። የቆርቆሮ መዝጊያዎቹ «ለጥገና» ተብለው ከተነቀሉ ቆይተዋል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚናገር ሰው የለም። ልጆቹ ተራ በተራ ሹራብ ዘርግተው አንዷ ሌላዋን ትከልላለች። እሷ ያን ቀን የሚከልላት አላገኘችም። ወንዶቹ አይተዋታል፣ ስቀውባታልም።

«መዝጊያ ሲገጠም እመለሳለሁ» አለችኝ ልብሷን እያጠበች። አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው ያንገበገበኝ።

እውነትም አልተመለሰችም። ፈተናውን ብቻ እናቷ እየጎተተች ወስዳ አስፈተነቻት፤ አለፈች። ክረምቱ ሲገባ ግን እናቲቱ ሌላ ወሬ ጀመረች። «አክስቷ ላኪልኝ እያለች ነው። ባሏ መርካቶ የደራ ሱቅ አለው። ቀን ቀን ቤት ታግዛቸዋለች፣ የማታ ትማራለች» አለችኝ። «የማታ ትማራለች» የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። ከዚህ ከተማ የማታ ልትማር ሄዳ፣ የሰው ሰሃን ስታጥብና የሰው ልጅ ስታዝል ያደገች ስንቷን አውቃለሁ! እናቷን ለመንኳት። «እስከ መስቀል ድረስ ታገሺኝ፤ መዝጊያውን አስገጥማለሁ» አልኳት። «መዝጊያ ካለማ ለምን እልካታለሁ፣ እኔስ ልጄ አይደለችም ወይ» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። የአንዲት ልጅ ዕድሜ በቆርቆሮና በማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በየስብሰባው አነሳሁት። «ሽንት ቤት» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «የወር አበባ» ያልኩ ዕለት ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ያልጠራ ስልክ አንስቶ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ወጣ። ሰብሳቢው «እሺ እትዬ፣ በልዩ ልዩ ሥር እናየዋለን» ይለኛል። ልዩ ልዩ የአጀንዳው ጭራ ነው፤ እዚያ ስንደርስ ሁሉም ጃኬቱን እየቆለፈ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ስብሰባ የሚዘጋው በምርቃት ነው። የኮሚቴው አዛውንት፣ ሐጂ የምንላቸው አባት፣ ተነስተው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። አሜን ከተባለ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነገር ማንሳት ምርቃት ማፍረስ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይደፍርም። ሰብሳቢው ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ልዩ ልዩ» ካለ በኋላ እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ እሱ ዞር ብሎ «ሐጂ፣ እስቲ ይመርቁን» ይላል። ሐጂ ክፋት የለባቸውም። መርቁ ሲባሉ ይመርቃሉ፣ እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን እላለሁ፣ መዝጊያውም እንደተረሳ ይቀራል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

ነሐሴ ላይ ሰብሳቢው ወልቂጤ ለጉዳይ ሄዶ አዲስ ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጡት የከተማው ልጆች ለትምህርት ቤቱ አንድ ነገር መሥራት ፈልገዋል አለን። «ከአስፋልቱ የሚታይ ነገር መሆን አለበት። ወልቂጤ የአንዱን ግቢ መግቢያ አይቼ ቀናሁ» አለ። እሱ የጥያ አካባቢ ልጅ ነው። ስለዚህ በመግቢያው ላይ የጥያን ትክል ድንጋይ የመሰለ፣ ከቤት የሚረዝም የሲሚንቶ ድንጋይ ይቆማል። በጥያዎቹ ድንጋዮች ላይ በሚታየው የሰይፍ ሥዕል ፋንታ የለጋሾቹ ስም ይቀረጽበታል። ወንዶቹ ጠረጴዛ እየመቱ ደገፉት።

«የጥያ ድንጋይ እኮ የመቃብር ነው» አልኩ።

«ቅርስ ነው!» አለ ሰብሳቢው።

«ቅርስም ነው፣ መቃብርም ነው። ልጆች በሚገቡበት ደጃፍ ላይ የማንን መቃብር ነው የምትተክሉት? ከዚህ ሁሉ ሲሚንቶ ላይ ለሴቶቹ ሽንት ቤት የሚሆን መዝጊያ አይቀነስም?»

«እትዬ» አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ሽንት ቤት መርቅልን ይባላል? ነውር አይደለም?»

ነውር! ልጅቱ ወንድ እያያት መቀመጧ ነውር አልሆነም፤ የእኔ መናገር ነውር ሆነ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለልጅቱ ቆርጬ ያስቀመጥኩትን ዩኒፎርም ሰፍቼ ጨረስኩ። ስምንተኛ ክፍል ስትገባ እንድትለብሰው ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

መስቀል መጣ። የመኪናው ሰልፍ ከአስፋልቱ እስከ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ደረሰ። ክትፎ ያልሸተተበት ቤት አልነበረም። ክርስቲያኑ ሙስሊም ጎረቤቱን፣ ሙስሊሙም በተራው ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዱን የሚጠይቅበት ሰሞን ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ተተክሎ እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ። ሰብሳቢው የድንጋዩን ንድፍ ገልጦ አሳየ፣ ተጨበጨበ፤ አንዱ እንዲያውም ስሙ ከላይ ይሁን ከታች ብሎ ጠየቀ። ያን ዕለት ልዩ ልዩ እንኳ አልተጠራም። «ሐጂ፣ ይመርቁን» ተባለ።

ሐጂ ተነሱ፣ ድንኳኑ በሙሉ መዳፉን ዘረጋ።

«ትምህርት ቤታችሁን ያሳምርላችሁ!»

«አሚን!»

«ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ!»

«አሚን!»

የእኔ እጆች ግን ጭኔ ላይ ቀሩ። አስቤበት አልነበረም፤ አልነሳ አሉኝ። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸመችኝ። ዕድሜ ልኬን ምርቃት ሲወርድ እጁን ያጠፈ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የተረገመ ሰው እንኳ ይዘረጋል። ሐጂ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈና አቋረጡ።

«ልጄ፣ እጅሽን ምን ያዘው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ይቅር ይበሉኝ ሐጂ፤ አሜን ማለት አቃተኝ» አልኩ።  «ሴቶቹ ልጆች የሚቀመጡበት ሽንት ቤት መዝጊያ የለውም። ወንድ እያያቸው ነው። አንዷ በዚሁ ሰበብ ከትምህርት ቀርታለች። ልናገር ስል እርስዎን እያስነሱ ያስመርቁብኛል። ዛሬም አሜን ካልኩ እኔ እናት አይደለሁም።»

«እትዬ፣ እንግዳ ፊት!» ብሎ ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነሳ። ሐጂ በእጃቸው ምልክት አስቆሙት።

«አንድ ሰው እምቢ ያለበትን ምርቃት አልቋጭም» አሉ። «ነይ አሳዪኝ።»

ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉኝ፤ እንግዶቹም ሙሉ ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ከኋላ መጡ። ሐጂ በባዶው መቃን ፊት ቆሙ። ከውስጥ ጥግ ላይ የተጣለ ጨርቅ ነበር፣ ከነደሙ። በከዘራቸው ወደ እሱ ጠቆሙ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «እስከ ዛሬ ስመርቅ የኖርኩት በዚህ ላይ ነው?» አሉት። ሰብሳቢው ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያ ትልቅ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ።

ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ፊት ወጣ። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «መዝጊያውን እኔ አስገጥማለሁ። እኔም እኮ የሴት ልጅ አባት ነኝ» አለ። ሰው አጨበጨበ። ሐጂ እዚያው ምርቃታቸውን ጨረሱ። ያን ጊዜ እጄን ዘረጋሁ፣ በሙሉ ድምፄም አሜን አልኩ።

እንግዶቹ በሚመለሱበት ጠዋት ከጎረቤቴ ደጃፍ መኪና ቆሞ አየሁ። የኋላው በቆጮ ጥቅልና በቅቤ ተሞልቷል። እንባ ያቀረረው ሰውዬ ክዳኑን እየተጫነ ይዘጋል። ልጅቱ ከኋላ ወንበር፣ በጥቅሎቹ መሐል ተቀምጣለች። ለካ የአክስቷ ባል እሱ ነው።

«መዝጊያው ሊገጠም ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቷ አንገቷን ደፋች። «ቃል ከአፌ ወጥቷል። ለመስቀል የመጣ ዘመድ ልጅሽን ስጪኝ ብሎ እንዴት ባዶውን ይመለስ?» አለችኝ።

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። «የሴት ልጅ አባት ነኝ አላልክም?» አልኩት።

«እሷም ልጄ ናት፤ የማታ ትማራለች» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። የተናገረውን ግን ከልቡ ያምናል። ልጅቱ በመስኮቱ አየችኝ፣ እጇን እንኳ አላነሳችም። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ታጠፈ።

ድንጋዩ ቀድሞ ቆመ። ዛሬ ከባጃጅ ላይ ሆኖ ስሞቹን ማንበብ ይቻላል። መዝጊያው ከዚያ በኋላ መጣ፤ ሰማያዊ የተቀባ ብረት፣ የሰውዬው ስም በነጭ የተጻፈበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ዝም ልል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን አዲሱ መዝጊያ እንዳይበላሽ፣ ቤቱም እንዳይቆሽሽ ብሎ ከውጭ ጓጉንቸር ቁልፍ አስገባበት። ቁልፉ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነው። «እንግዳ ሲመጣ እንከፍተዋለን» አለኝ፣ ሳያፍር። ልጆቹ አሁን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሹራብ ይዘረጋሉ። በስብሰባ አነሳሁት። «በልዩ ልዩ» አለ ሰብሳቢው። ሐጂ ታመው ቀርተው ነበር፤ ሌላ ሰው መረቀ።

አንድ እሑድ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች በሹክሹክታ።

የማታ ትምህርቱን ጠየቅኋት። «ሕፃኑ ከፍ ሲል ተብያለሁ» አለች። ከዚያ፣ «መዝጊያው ተገጠመ?»

«ተገጥሟል።»

«ከውስጥ ይቆለፋል?»

ምን ልበላት? «አዎ፣ ከውስጥ ነው የሚቆለፈው» አልኳት።

«ደስ ሲል» አለች። ከኋላዋ «አንቺ ልጅ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ሱቄን ሳልከፍት ወደ ሰብሳቢው መደብር ሄድኩ። ከባድ መዶሻና ከውስጥ የሚገጠም መቀርቀሪያ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ራሱ ከመደርደሪያው አውርዶ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ።

«የቤት ጥገና ጀመርሽ እንዴ እትዬ?» አለኝ።

«አይ» አልኩት፣ «ለልዩ ልዩ ነው።»