ትል አያንቀላፋም

ልጄ ሜላት ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የቀለም ባልዲ ታቅፋ ከትምህርት ቤት ስትገባ፣ ምን እንደያዘች ሳልጠይቃት ሽታው ነገረኝ። ዝናብ እንዳባራ የሚሸት አፈር ነው፤ ትንሽ የሙዝ ልጣጭም አለበት። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እንዲህ ያለ ሽታ ከየት ይመጣል? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ትሎች እንደሆኑ፣ በየተራ እየወሰዱ እንደሚያሳድጓቸው አስረዳችኝ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ካዛንቺስ ነበርኩ፤ እንደሷ ልጅ ሆኜ።

እማዬ ያኔ ባምቢስ አካባቢ ፈረንጅ ቤት ትሠራ ነበር። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ከእማዬ ይልቅ ሰፈሩ ጓጓ፤ ፍሪጁን ትተውላታለች ያለ አለ፣ ሶፋውን ያለም አለ። እማዬ ይዛ የመጣችው አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ስትከፍተው ውስጡ ቀያይ ትል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አይታ፣ «ሰው ዶሮ ያረባል፣ አልማዝ ትል ልታረባ ነው» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ስም «ትል ቤት» ሆኖ ቀረ።

እማዬ ግድ አልሰጣትም። የቲማቲም ሳጥን ፈልጋ፣ ታች ታቹን በስታ፣ ጓሮ ብሎኬት ላይ አስቀመጠችው። አሮጌ ጋዜጣ ቀዳደን፣ ውኃ ውስጥ ነክረን፣ ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ እርጥበቱ ብቻ እስኪቀር ጨመቅነው፤ ትንሽ አፈር በተንበት። ትሎቹን ላዩ ላይ ስታደርጋቸው ራሳቸው ገቡ፤ ብርሃን አይወዱም። ከላይ በማዳበሪያ ሸፈነችው። ማዳበሪያ ማለቴ ጆንያውን ነው፤ እኛ የከተማ ልጆች ትሎቹ ከበሉት የሚሠሩት፣ ለተክል የሚሆን ሌላ ማዳበሪያ እንዳለ የሰማነው ገና ያኔ ነው። የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይወዳሉ። ሎሚና ወጥ የነካው ነገር ክልክል ነው፤ ጨውና በርበሬው ያቃጥላቸዋል። ከሸተተ አብዝተናል ማለት ነው። «ሆዳቸውን እያያችሁ አጉርሱ» ትለን ነበር፣ የቤት እንግዳ ይመስል።

ቆየት ብሎ ከሥር የሚወጣውን ጥቁር አፈር በዘይት ጣሳ ለተከለችው ቆስጣ ስታደርግለት፣ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አከለ። እትዬ በላይነሽም ድምጿን ቀንሳ እየመጣች ቅጠል ትለምን ጀመር።

የሳጥኑ እውነተኛ ባለቤት ግን ታናሽ እህቴ ቲጂ ነበረች። እኛ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እሷ ጥቂት ዘላ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሄዳ ሳጥኑ አጠገብ ትቀመጣለች። ጆሮዋን ማዳበሪያው ላይ ለጥፋ፣ ሲበሉ ይሰማል ትላለች። እኔም አዳምጫለሁ፤ እውነቷን ነው። ካፊያ ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዓይነት፣ ልብ ካላሉት የማይሰማ ድምፅ አለው።

አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ስለ ገሃነም ሲያስተምሩ «ትሉ የማያንቀላፋ፣ እሳቱ የማይጠፋ» አሉ። ሕዝቡ አንገቱን ሲደፋ ቲጂ የእማዬን ነጠላ ጎትታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እማዬ፣ የኛን ትሎች እኮ ነው የሚሉት» አለች። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ቲጂ ጉሮሮዬን አለች። ጉሮሮው ሲተዋት ፊቷ ገረጣ፤ እህል አልዋጥ አላት። እማዬ ሁለታችንንም ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሰገራዋ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ነርሷ «ትል አለባት» አለች። እማዬ ክው አለች።

«እቤታችንም ትል አለ» አለቻት ቀስ ብላ።

ነርሷ ቀና እንኳን ሳትል፣ «ታዲያ ከዚያው ነዋ የያዛት። በሉ ሁላችሁም መድኃኒቱን ውሰዱ» አለቻት።

ነርሷ የሆድ ትል ማለቷ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሌላም የያዘው ሰው ያለ መስሏታል። እማዬ ደግሞ ሳጥኑን ማለቷ ነበር። ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለን። ምን ታድርግ?

እኔንና ቲጂን እትዬ በላይነሽ ቤት አስቀምጣን ውኃ ልታፈላ ገባች። የበረኪናው ሽታ እዚያ ድረስ መጣ። ቆስጣውን ከነጣሳው ጣለችው፤ ሳጥኑን ሰባብራ ማገዶ አደረገችው። ትል ቤት የሚለን እንዳይኖር ግድግዳውን ሁሉ አጠበች። መድኃኒቱንም ሁላችንም ዋጥን።

ቲጂ ግን አልተሻላትም። እግሯ ሲያብጥ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ደረቷን ረጅም ሰዓት አዳምጦ፣ ልቧ ነው፣ ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣ ነው፣ የቆየ ነው አለ።

«ትሉስ?» አለችው እማዬ።

«የምን ትል?» አላት።

እማዬ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስንመለስ ቲጂ መተኛት ስለማትችል ትራስ ደርድረን አስደገፍናት። ከጤና ጣቢያው ቀን ጀምሮ ጓሮ መውጣት አቅቷታል፤ ስለዚህ የሳጥኑን ነገር አላወቀችም። ትጠይቃለች እንጂ።

«እማዬ፣ ትሎቹ በሉ?»

«በልተዋል» ትላታለች እማዬ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«ታዲያ ለምን አይሰሙም?»

«ተኝተዋል፣ የኔ እናት።»

ቲጂ ትንፋሿን ሰብስባ፣ እናቷን እንደማረም አድርጋ፣ «ትል አያንቀላፋም እኮ» አለቻት።

እማዬ ተነስታ ወጣች። መስከረም ሳይጠባ ቲጂን ቀበርናት።

ከዚያ ወዲያ እማዬ በእጇ አንድ ነገር አልተከለችም፤ ትል የሚለውን ቃልም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። አሁን እሷም የለችም። ያ ግቢም የለም፤ የመስታወት ፎቅ ቆሞበታል፤ ሳጥኑ የት ጋ እንደነበር ባሳያችሁ እንኳን አስፋልት ነው የምታዩት። የቀረው ፍርሃቱ ነው፤ እሱን ይዤ ነው ሰንጋ ተራ የገባሁት። ሜላት ጉሮሮዬን ካለች በቃ፣ ሥራዬን ጥዬ ክሊኒክ ነኝ። ሹራቧን የምቆልፍ መስዬ ደረቷ ላይ እጄን አሳርፋለሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ባልዲ ውስጥ ያለው ትል ሰው እንደማይነካ ግን አውቃለሁ። ማወቅና አለመፍራት አንድ አይደለም። ያን ባልዲ አውጥተሽ ጣይልኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አላልኳትም። በረንዳው ላይ ጥላ ፈልጌ አስቀመጥኩት። ጋዜጣ ቀደድኩ፣ ነክሬ ጨመቅኩ፤ እጄ አልረሳውም። ትናንት ለፈተና እያጠናች ከውስጥ ጠራችኝ።

«እማዬ፣ ትሎቹ በሉ?»

ወደ በረንዳው ወጣሁ። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ የሙዙ ልጣጭ አልቋል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ያው የጥንቱ ካፊያ ነው። ገብቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«በልተዋል» አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።