መቀመጥ የማይሆንላት

በምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁሉም «ሽው» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የመተኮሻ ማሽኑ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን አንሶላ ሊያቀብላት ዞር ቢል፣ የቀደመው አንሶላ ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ወጥቷል፤ እሷም በሩ ጋ ደርሳለች። «ይቺ ሰው አይደለችም፤ ሽው ናት» አለ። በዚያው ቀረ።

ሽው መቀመጥ አይሆንላትም። ምሳዋን የምትበላው ቆማ፣ ሳህኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ ነው። ስልክ ስታወራ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ትመላለሳለች። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስትወርድ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ትዘለዋለች። ፊልም ለማየት ተቀምጣ፣ ታሪኩ ገና ሳይጀምር ተነስታ መጋረጃ ታወርዳለች። «ይታጠብ እንጂ፣ አቧራ ይዞት የለ?»

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። እሱ ደግሞ ለመቀመጥ የተፈጠረ ነው። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ማታ ቤቱ ሲገባ ሻዩን ይቀዳል፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ መንገዱን እያየ ፉት ይላል። «ለመሆኑ እናንተ እንዴት ተጋባችሁ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ስታልፍ ያዝኳት» ይላል።

እረፍት የማጣቷ ነገር ግን መነሻ አለው፤ ለማንም አታወራውም እንጂ። እናቷ በሃምሳ ዓመታቸው «ጉልበቴን» ብለው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ከወንበሩ ግን በሰው እጅ ካልሆነ አልተነሱም። ሽው የወጣትነቷን ግማሽ ያሳለፈችው እናቷን ደግፋ ስታነሳ፣ ደግፋ ስታስቀምጥ ነው። አሁን እሷም ወደዚያው ዕድሜ እየተጠጋች ነው። ልጃቸው ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ከገባች ወዲህ ደግሞ ቤቱ ጭር ብሏል። ጭር ሲል እግሯ ይብስበታል።

መረብ ኳስ የጀመረችው ልጅቷ በሄደች ሰሞን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች ትምህርት ቤቱ ጓሮ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ ይሰባሰባሉ። የሰበሰቧቸው በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም «ቲቸር» ይሏቸዋል። ፊሽካቸው ካንገታቸው አይወርድም። ሽው መጀመሪያ ቀን ኳስ ይዛ ሮጠች፤ ቲቸር «እናቴ፣ ይሄ የእጅ ኳስ አይደለም» አሏት። ወሩ ሳያልቅ ግን ከቡድኑ ውስጥ እሷን የሚያህል ዘላይ ጠፋ። መረቡ ሥር ቆማ፣ ኳሷ ከፍ ስትል ተስፈንጥራ ትነሳና ጧ! ታደርጋታለች። አየር ላይ ያለችባት ያቺ ቅጽበት ብቻ ናት ልቧን የምታሳርፍላት።

ጨዋታው ሲያልቅ ሌሎቹ ከሜዳው ዳር ባለው አጭር ግንብ ላይ ተደርድረው፣ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዱ ብርቱካን ይልጣሉ። ሽው ግን መረቡን ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «ደህና ዋሉ!» ብላ ትፈተለካለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር።

ጉዳቱ የደረሰው ከሆስፒታል ነርሶች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ በገጠሙ ቀን ነው። ኳሷ በጫማ ሻጯ በኩል ተነሳች። ጫማ ሻጯ የቡድናቸው ተጫዋች፣ ቀይ ሻርፕ የማይለያት፣ ወፍራም ሳቂታ ሴት ናት። «የኔ ናት! ተይ፣ የኔ ናት!» ብላ ጮኸች። ሽው ሰምታለች። ሰምታ ግን እግሯ ቀድሟት ተነሳ። ኳሷን መታቻት፤ ነጥቡም ተቆጠረ። ስትወርድ ግን ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን የጫማ ሻጯ እግር ላይ አረፈች፤ ጉልበቷም ወደ ውስጥ ታጠፈ። ቀጭ የሚል ድምፅ ራሷም ሰማች።

ነርሶቹ ከበቧት። ተጋጣሚዎቻቸው እነሱ መሆናቸው በጀ።

ሐኪሙ የጉልበቷን የኤምአርአይ ፎቶ መብራት ላይ አድርጎ ብዙ አየው። «ጅማትዎ በከፊል ተበጥሷል» አላት። «ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ማረፍ ግን አለብዎት።»

«እስከ መቼ?»

«ለጊዜው ሁለት ወር። ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፣ የምነግርዎትን እንቅስቃሴ ይሠራሉ። መዝለሉን…» ሐኪሙ ፎቶውን አወረደው። «መዝለሉን ቢረሱት ይሻላል።»

እቤት ስትገባ ባሏ መስኮት ሥር ያለውን የራሱን ወንበር ለቀቀላት፤ ለእግሯም ትራስ አዘጋጀ። ወንበሩን ስታየው እንባዋ መጣ። እሱ ሕመሙ መስሎት ማስታገሻ ፍለጋ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ባሏ ሲያስታውሰው ራሱን ይነቀንቃል። ሽው ተቀምጣም አልተቀመጠችም። ከወንበሯ ሆና ቤቱን ገለበጠችው። ኩባያዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደርደሩ፤ አይ፣ በቀለም ይሁኑ። ምንጣፉ ይዙር። የተጣጠፈው ፎጣ ይምጣና እንደገና ይጣጠፍ። ረፋድ ላይ ወደ ሥራ ቦታ ትደውላለች፤ «የሁለተኛው ፎቅ አንሶላ ወጣ?» ትላለች። «ሽው፣ ዕረፍት ላይ ነሽ እኮ!» ይሏታል። ደህናው እግሯ ወለሉን ሲደበድብ ይውላል።

«አንቺ ሴት፣ ኩባያዎቹ ምን በደሉሽ?» አላት ባሏ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ካወረዳቸው በኋላ።

«ቁጭ ብዬ ልበስብስ ነው የምትለው?»

«ቁጭ ማለትና መበስበስ አንድ ናቸው ያለሽ ማነው? እኔ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ፤ ሸተትኩሽ?»

ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ስለ እናቷ ልትነግረው አሰበችና ደግሞ ተወችው።

ቅዳሜ ሲደርስ፣ በተጎዳች ቀን ሴቶቹ ከእሷ ጋር ያመጡት መረብ እነሱ ቤት መቅረቱ ትዝ አላት። «ተነስና ለቲቸር አድርስላቸው። ሰጥተህ ቶሎ ና፤ ኩባያው…» ሳትጨርስ ወጣ። ምናልባት በሕይወቱ ፈጥኖ ከቤት የወጣው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ሄዶ ቀረ። ሽው መጀመሪያ ተናደደች፤ ቆይታ ሠጋች። ስልኩ ላይ ብትደውል መኝታ ቤት ውስጥ ጮኸ። በአንድ እግሯ እየነጠረች በሩ ጋ ሄደች፣ መስኮቱ ጋ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። መኪና ገጭቶት ይሆን? እኩለ ቀን ሲሆን በሩ ተከፈተ። ባሏ ፊቱ ቀልቷል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በአቧራ ነጥቷል፣ እጁ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል።

«የት ነበርክ አንተ?»

«ሰው ጎደለን ብለው አስገቡኝ።»

«የት?»

«ሜዳ ነዋ! አንቺ ቦታ።» ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። «ኳሷን እንደሆን አልነካኋትም። አንዴ በግንባሬ ነካኋት። ቲቸር፣ ‹እርስዎ ዝም ብለው ይቁሙ፣ ቦታ ይሙሉልን› አሉኝ።»

እሱ ወሬውን ቀጠለ። ከጨዋታው በኋላ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ሻይ እንደጠጡ፣ ግንቡ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚቆይ ከሥር እንደሚሞቅ፣ ብርቱካኑን ቲቸር ራሳቸው ልጠው እንደሚያካፍሉ፣ ትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ ያሉት ርግቦች ፍርፋሪ ለመልቀም እስከ ጫማቸው ድረስ እንደሚመጡ። «ምን ዓይነት ቦታ ነው የደበቅሽኝ!» አላት። «እንዲህ ያለ መቀመጫ እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ በአሥር ደቂቃ እየተመለስሽ ትመጪ ነበር?»

«እኔ ለጨዋታው ነው የምሄደው።»

«ጫማ ሻጯ ሰላም ብላሻለች። ምስኪን፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው። አውራ ጣቷ ጥፍሩ ወልቆ፣ እስካሁን እንዳበጠ ነው።»

የሽው እግር ወለሉን መደብደቡን አቆመ። ያረፈችበት እግር የሰው እግር ነበር። አንድ ቀን እንኳን ደውላ አልጠየቀችም።

ባሏ በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄደ፤ በሌላውም። ሰኞ ማታ ግድግዳ ላይ ኳስ ሲያነጥር የታች ቤት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን አንኳኳ። ሽው በቅናት ልትፈነዳ ደረሰች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሱ የጫማውን ክር ሲያስር፣ እሷም የጉልበት ማሰሪያዋን አጥብቃ ክራንቿን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ወዴት?»

«ልሳደብ። አጨዋወትህን ሳላይ ነው እኮ የተናደድኩት፤ አይቼ ልናደድ።»

ሦስቱን ፎቅ አንድ በአንድ ወረደችው። ደረጃዎቹ እንዲህ ብዙ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ግንቡ ላይ ተቀመጠች። እንደተባለው ይሞቃል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሙቀቱንም ምኑንም ረሳች፤ «ጎንበስ በል! እጅህን አጋጥም! ኧረ ዓይንህን ግለጥ!» እያለች ጮኸች። ባሏ በጩኸቷ ደንግጦ የመጣችለትን ቀላል ኳስ ለቀቃት። ቲቸር ፊሽካቸውን ነፍተው ጨዋታውን አስቆሙ። «ተመልካች ከሜዳ ይወጣል» አሏት፣ በጣታቸው እያመለከቱ። ሁሉም ሳቀ። አፏን ያዘች፤ እጆቿ ግን አላርፍ አሉ።

ጫማ ሻጯ ተቀይራ ወጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እግርሽ እንዴት ሆነ?» አለቻት ሽው፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ደህና ነው። አዲስ ጥፍር እያበቀልኩ ነው።»

«ጠርተሻል እኮ። ‹የኔ ናት› ስትዪ ሰምቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።» ጫማ ሻጯ ሻይ ቀዳችላት። «ዝም ብለሽ እግሬ ላይ ስታርፊ፣ ይቺ ሴት አየር ማረፊያ መሰልኳት እንዴ ብዬ ነበር።»

ሽው ሳቀች። ሳቁ አልቆም ብሏት ሻዩን ቀሚሷ ላይ ደፋች። ሲበርድላት፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ የእናቷን ነገር፣ የወንበሩን ነገር፣ ለባሏ እንኳን ያልነገረችውን ሁሉ ነገረቻት። ጫማ ሻጯ ብርቱካን እየላጠች ሰማቻት። ምክር አልሰጠቻትም። ስትጨርስ አንድ ፍሬ ብርቱካን ሰነጠቀችና ግማሹን አቀበለቻት። በጣም ይጣፍጥ ነበር።

ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ለባሏም ነገረችው። ደረጃው መሐል ቆሞ አዳመጣት። «እኔ ደግሞ ወንበሬን ጠልተሽ መስሎኝ ነበር» አለ።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ወደ ሜዳ እንድትመለስ ፈቀደላት፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት እስካልለቀቁ ድረስ። ቲቸር ኳስ ለመቺዎቹ እንድታነሳ መደቧት። «እጅሽ ፈጣን ነው፤ አንሶላ አጣፊ አይደለሽ?» አሏት። መጀመሪያ ሰሞን አንጀቷ አረረ። ኳሷ ከፍ ባለች ቁጥር መላ ሰውነቷ ይነሳል፤ ተረከዟን መሬት ላይ ለማስቀረት ጥርሷን ትነክሳለች። አንዴ ተበሳጭታ ኳሷን ከአጥር ውጭ ወረወረቻት፤ ራሷው እያነከሰች ሄዳ አመጣቻት። ቀስ በቀስ ግን ለጫማ ሻጯ የትኛው ኳስ እንደሚመቻት፣ ለየትኛዋ ዝቅ፣ ለየትኛዋ ራቅ ማድረግ እንዳለባት ለየች። ለባሏ ግን ምንም ዓይነት ኳስ ብታነሳለት አይሆንም፤ መረቡን ነው የሚመታው። እሱ እቴ፣ ደስ ብሎት ይስቃል።

አሁን ጨዋታው ሲያልቅ ከሌሎቹ ጋር ትቀመጣለች። ብዙ አይደለም። ሻዩን ትጨርሳለች፣ ወሬውን ትሰማለች፣ አልፎ አልፎም ራሷ ታወራለች፤ ከዚያ እግሯ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ጫማ ሻጯ፣ «ሂጂ እስኪ፣ ግንቡን ሳታፈርሺው» ትላታለች።

በቀደም ዕለት ከሜዳ ሲመለሱ፣ በወጣት ማዕከሉ በር ሲያልፉ ከውስጥ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። አንገቷን አስግጋ አየች። ሁለት ሽማግሌዎች የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታሉ።

«አየህ? መዝለል የለውም» አለች።

«ሽው፣ አሁን ከጨዋታ መውጣታችን ነው እኮ። ቤት ገብተን ትንሽ…»

«አንተ እዚህ ተቀመጥ፣ ፀሐይ አለልህ።»

ባሏ በሩ ላይ ያለውን ደረጃ በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ተቀመጠ። ገና ጀርባውን ሳያስደግፍ ድምፅዋ ከውስጥ ተሰማው፤ «አባቶቼ፣ ተረኛው ማነው?»