ሰው ወይስ ወፍ

እማዬ ካዛንቺስ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። እንግዶች ሲወጡ ጠረጴዛ ላይ የአሜሪካ ሳንቲም ትተውላት ይሄዳሉ። ባንክ ደግሞ ወረቀቱን እንጂ ሳንቲሙን አይመነዝርም፤ ስለዚህ ሁሉም የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ምንም አይገዛም። ለእኔ ግን ከአሻንጉሊት ይበልጥ ነበር።

በጣም የምወዳት ቀይዋን ነው። በአንድ በኩል ጺማም ሰውዬ አለ፤ በሌላ በኩል ብዙ ምሰሶ ያለው ቤት። ዓይኔን ካስጠጋሁ በምሰሶዎቹ መሃል ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ሰው ተቀምጦ ይታየኛል። ራሱ ጺማሙ እንደሆነ ወስኛለሁ። ሰው ሲያየው መዋል ሰልችቶት፣ ዞሮ ቤቱ ገብቶ አረፍ ያለ።

ሩብ ዶላሩ ላይ ደግሞ ጸጉሩን ከኋላ በሪባን ያሰረ ሽማግሌ አለ፤ ሲገለበጥ ክንፉን የዘረጋ ንስር። ከእህቴ ጋር ስንጣላ ዳኛችን እሱ ነበር። የእኛ ሳንቲም አንበሳ አለው፤ ግን ሁሉም ሰው በስልክ መክፈል ከጀመረ ወዲህ ቤት ውስጥ አይገኝም። "ሰው ወይስ ወፍ?" እንባባላለን፣ አንዳችን ትወረውራለች፣ አለቀ።

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። የድሮው ቤት መስኮት ነበረው፣ ማለቴ ለስሙ፤ ሲከፈት የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። እዚህ ግን ለእኔና ለእህቴ የደረሰን ክፍል መስኮቱ ሰማይ አለው። ዕቃው ሳይፈታ እዚያ ስር ማን እንደሚተኛ መጨቃጨቅ ጀመርን። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ተኝቼ ደመና ሲያልፍ ማየት ፈለግሁ፣ በቃ።

"ታላቅ እኔ ነኝ" አለች እህቴ።

"ታላቅ ከሆንሽ ብዙ ሰማይ አይተሻል። ለእኔ ልቀቂ።"

"ሙድ አትያዢብኝ።"

እማዬ ከሥራ ስትገባ እዚያው ላይ ነበርን። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የወተት ቆርቆሮው ውስጥ እጇን ሰድዳ ያገኘችውን ሩብ ዶላር አወጣች። "የእናንተን ጭቅጭቅ ከምሰማ ይሄ ይፍረድ።" እህቴ ሰው አለች፣ እኔ ወፍ። እማዬ ወረወረችው። በአመሻሹ ብርሃን እየተሽከረከረ ወጣ፤ ለእኔማ ሊወርድ የማይፈልግ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ፍራሹ ላይ ጠብ አለ።

ሦስታችንም አጎነበስን። ሽማግሌው የለም። ንስሩም የለም። አንዲት ሴት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማለች፤ ከኋላዋ ወፍ እየበረረች ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ሩብ ዶላር አይተን አናውቅም።

"ሰው ነው" አለች እህቴ። "ሴትዮዋ ከፊት ናት።"

"ወፏ ትበልጣለች። ክንፏን እዪው፣ ሴትዮዋን አልፏት ሄዷል።"

"ወፏ የሴትዮዋ ጥላ ናት።"

"ጥላ ላባ አለው?"

"ደሞ ጠበቃ ሆንሽ። እማ፣ አንቺ ፍረጂ።"

"እስቲ ብርሃን ላይ ልያት" አለችና እማዬ መስኮቱ ስር ያለው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ሳንቲሟን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች። "ስንቱን ከጠረጴዛ አንስቼ ኪሴ ስከት አንድም ቀን አገላብጬ አላየሁም። እጇን የዘረጋችው ልትበር ነው ወይስ ወገቧን እያፍታታች?"

"ልትበር ነዋ" አልኩ።

"ደክሟት ነው" አለች እህቴ።

እማዬ ሳቀችና ጋደም አለች። ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። "ደመናው ይሄዳል እኮ" አለች፣ ለእኛ ይሁን ለራሷ እንጃ። "ስንት መስኮት ወልውያለሁ። ተኝቼ ያየሁበት ግን የለም።"

ፍርዱን ጠበቅን። ሰማዩ ብርቱካን ሆነ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ።

"እማ?" አልኳት።

እህቴ አፌን በእጇ ያዘችኝ። እማዬ ተኝታ ነበር፣ ሳንቲሟ መዳፏ ውስጥ እንዳለች። እህቴ ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀችላት፤ እኔ ብርድ ልብስ አለበስኳት። አንዳችንም ስለ ሰውም ስለ ወፍም አላነሳንም።

እማዬ ሳሎን እንድትተኛ ነበር ሐሳባችን። አሁን ግን መስኮቱ የእሷ ነው። እኔና እህቴ በግድግዳው በኩል አንድ ፍራሽ ላይ ነን፤ ብርድ ልብሱን እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እጎትታለሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሰማዩ የሚጀምረው ከእማዬ ትከሻ ነው፤ ደመናው በእሱ ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቂርቆስ ይሄዳል።