በካፖርቱ ኮሌታ ውስጥ የተሰፋው ስም

ካፖርቱን የገዛሁት ሞጣ ገበያ ነው። ሰልባጅ ሻጩ ቦንዳውን ገና እየፈታ እየሰቀለ ነበር። ጭጋጉ ከመሬት ስላልተነሣ ሰውና የተሰቀለ ልብስ በደንብ አይለዩም፤ ጥግ ላይ የተንጠለጠለው ግራጫ ካፖርት ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ሽማግሌ መሰለኝ።

«ልበሰው፤ በልክህ የተሰፋ ነው» አለኝ ሻጩ።

«እጅጌው ረዘመ እኮ።»

«ክንድህ ይደርስበታል፣ ገና ልጅ ነህ።»

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ገዛሁት።

ቢቸና ተመልሼ ሳወልቀው ነው ስሙን ያየሁት። ከኮሌታው በታች፣ ገበሩ ላይ፣ ጣት የምታህል ነጭ ጥብጣብ ተሰፍታለች። በላይዋ በቀይ ክር አንድ ፊደል፣ ነጥብ፣ ከዚያም ረጅም ስም። ፊደሎቹ የላቲን ናቸው፤ ግን አንዱ ወገቡ ላይ ጭረት አለበት፣ ሌላው ከእግሩ ሥር ጅራት አውጥቷል። እንዴት እንደሚነበብ አላወቅሁም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የማንንም ስም ስለማልጽፍ የእሱን ብቻ ነጥዬ ማውጣት አልወደድኩም።

እኔ የምሠራው ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው። የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ግጥሜን እጽፋለሁ። በኢንተርኔት ከሚሞሉት ፎርሞች ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይመጣል። ባለጉዳዩ ያፈጥብኛል፣ እኔም አፈጥበታለሁ፣ በመጨረሻ የአያቱን ስም እከትበታለሁ። ያቺ ሳጥን ሁልጊዜ ትከነክነኛለች። ከአገራችን ማንም ሊሞላት የማይችል ሳጥን ነች።

አንድ ጠዋት ኔትወርክ ሲመጣ የጥብጣቡን ፊደሎች አንድ በአንድ እየፈለግሁ ጻፍኳቸው። ስሙ የፖላንድ ነው፤ የቤተሰብ ስም፣ ያውም ብርቅ የሚባለው። ትርጉሙ «ከረግረጉ ማዶ ያለው» እንደማለት ነው ይላል ገጹ። በድሮ ዘመን አንድ ሰው ከመንደሩ ሰው ተለይቶ ከረግረግ ማዶ ጎጆ ቀለሰ። ጎረቤቶቹ እንዲያ ብለው ጠሩት። ልጆቹ ከረግረጉ ወጡ፣ የልጅ ልጆቹ ከተማ ገቡ፣ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። ዛሬ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው «ከረግረጉ ማዶ ያለው» ይባላል።

ከጽሑፉ ሥር ካርታ ነበረ። ስሙን የያዙ ሰዎች ያሉበት ቦታ ሁሉ በነጥብ ተመልክቷል። በምሥራቅ በኩል አንድ ወንዝ ዳር ነጥቦቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ይሳሳሉ፣ ትልልቅ ከተሞች ላይ አንድ ሁለት ይታያሉ፣ አንዲት ብቻዋን ከውቅያኖስ ማዶ ተጥላለች። ሁሉም ተሰብስበው ቢመጡ አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይበቃቸዋል። ያን ካርታ ስንት ሰዓት እንዳየሁት አላውቅም። ዓይኔን ስጨፍን ነጥቦቹ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ከወንዙ ተነሥተው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው፣ ወደማያውቁት አገር ይሄዱ ነበር።

የእኛ ስም እንዲህ አይደለም። የእኔ ስም ለልጄ ሁለተኛ፣ ለልጅ ልጄ ሦስተኛ ይሆንና ከዚያ ይወድቃል። ከፊት አዲስ ሲገባ ከኋላ አሮጌው ይረግፋል። ካርታ ቢሠራልን ነጥቦቹ ገና ሳይደርቁ ይጠፉ ነበር።

ስሙን ከያዙት ለአንዲት ሴት መልእክት ላክሁ። ከሳምንት በኋላ መለሱልኝ፤ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ በማሽን የተተረጎመው ቋንቋቸው እንደ ሕልም ንግግር ነበር። ካፖርቱ የአጎታቸው ልጅ ልብስ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እርጅና ሲመጣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ገብቶ ነበር፤ እዚያ ልብስ ሲታጠብ ከሌላው እንዳይቀያየር ስም ይሰፋበታል። እሱ አርፏል። መልእክታቸው ያለቀው «ካፖርቱ ያሞቃል?» በሚል ጥያቄ ነበር። «በጣም» ብዬ መለስኩ።

ይህን ሁሉ በስልክ የምነግራት አንዲት ልጅ ነበረች። ሞጣ አስተማሪ ናት። ለሥልጠና ቢቸና መጥታ ወረቀቷን ሳትምላት ተዋወቅን፤ ሥልጠናው ካለቀ በኋላም ስልኩ አላለቀም። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል።

«የሰው ስም አንገትህ ላይ አስረህ ቤታችን እንዳትመጣ» አለችኝ።

«ይህ እኮ ዘመዶቹ የት የት እንዳሉ የታወቀ ሰው ነው። ከእኔ ይሻላል።»

«እንግዲያው እሱን ላግባ።»

ሳቅን እንጂ የነካሁት የሚያመንን ቦታ ነበር። ልንጋባ ፈልገናል፤ በአገራችን ደግሞ ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠራል። ከሰባት ቤት በታች የሚገናኙ አይጋቡም። በእናቶቻችን በኩል ተቆጥሮ ነጻ ወጥተናል። በአባቷ በኩል ሰባቱን አባቷ እጃቸውን እየታጠቡ ይዘልቁታል። በእኔ አባት በኩል ግን ያለን አምስት ነው። አምስተኛው ወደ ቢቸና የመጣው የቅኔ ተማሪ ሆኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ነው። አገሩን አልተናገረም። የዚያን ጊዜ ተማሪ አገሩን ከተናገረ ወላጅ ደርሶ ይወስደዋልና ይደብቃል። እሱ ግን አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸብቶም አልተናገረም። ሲጠየቅ «ከትምህርት ቤት» ይል ነበር አሉ።

ሽማግሌ ሊልኩልኝ የተዘጋጁት አጎቴ ነበሩ። እህል ነጋዴ ናቸው፣ ነገር አይከብዳቸውም።

«አምስት አለህ። ሁለት ጨምር» አሉኝ።

«ከየት ላምጣ ጋሼ?»

«ገጣሚ ነኝ ትል የለም እንዴ? ያን ሁሉ ግጥም ከየት ነው የምታመጣው? ሁለት ስም አቃተህ?»

«ቢታወቅስ?»

«ማን ያውቃል? የሞተ ሰው መጥቶ አይከራከርህ!»

እዚያው በእህል መመዘኛው ላይ ወረቀት አስቀምጠው ሁለት ስም ጻፉልኝ። ጥሩ ጥሩ ስሞች ነበሩ፣ የድሮ ሰው የሚመስሉ። አጥፌ የካፖርቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ለልጅቷም በስልክ ነገርኳት።

የቅኔ ተማሪው ያወረሰን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝክር። በዓመት አንድ ቀን፣ ታቦቱ ቢቸና በሌለ ቅዱስ ስም፣ ዳቦ ይደፋል ጠላ ይጠመቃል። ሲዘከር የመጀመሪያውን ዳቦ ቤት ውስጥ አንበላውም። የቤቱ ታላቅ ይዞት ከደጃፉ ውጭ ይወጣል፣ ሁላችን ተከትለን እንወጣለን፣ ቆመን ጨርሰን ነው ገብተን የምንቀመጠው። ዝናብ ቢሆንም እንዲሁ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ለምን እንደሆነ ጠይቄው «አባቴ ቆሞ ስለበላ» አለኝ። ጎረቤቶቻችን በዚያ ቀን ይስቁብናል።

አጎቴ ሽማግሌ ሊልኩ ሁለት ሳምንት ሲቀር ልጅቷ ደወለች። ቤታቸው ዝክር አለ፣ እንደ እንግዳ ሆኜ ልምጣ፤ አባቷ ነገሩን ያውቃሉ፣ እንዳላወቁ ሆነዋል። ቀኑ የእኛም የዝክር ቀን ነበር። ሞጣ ታቦቱ ስላለ ብዙ ቤት ይዘክራል፣ ምንም አልመሰለኝም። ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታችን ዝክር ቀርቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ደብረ ወርቅ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆየን፣ ግንደወይን ላይ ጎማ ተነፈሰብን። ሞጣ ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። የቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከውስጥ የጸሎት ድምፅ ይሰማል። ልገባ እግሬን ሳነሣ አባቷ ከውስጥ ወደ ደጃፉ መጡ። በነጭ ጨርቅ የያዙትን ዳቦ በመድረኩ ላይ አሻግረው፣ ማን እንደቆመ እንኳ ሳያዩ፣ ዘረጉልኝ።

«ለመንገድ ይሁንህ» አሉ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እጄ የለመደውን ሠራ። ሳልገባ፣ እዚያው ቆሜ፣ ቆርሼ በላሁ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ኧረ ግባ! እግርህ ደረቀ እንዴ?»

«ተዉት፣ የቢቸና ሰው ወንበር አያውቅም!»

«ተዉ፣ ዝም በሉ» አለ አንድ የሴት ድምፅ። የአባቷ አክስት ናቸው፤ ቆብ ደፍተው ከመደቡ ላይ የተቀመጡ እማሆይ። «የዚያን ቀን ልክ እንደዚህ ነው የበላው። የቅድመ አያታችን ታናሽ ወንድም ለትምህርት ሲሄድ ዝክሩን እንኳ አልቆይም አለ። ታላቁ ዳቦውን ከነትኩሳቱ በደጃፉ አሻግሮ ሰጠው። ከውጭ ቆሞ በላ፣ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ዳቦ ደጅ ለቆመ የምንሰጠው ለዚህ ነው። ተቀብሎ ይዞ የሚሄድ ነው የማውቀው፤ ቆሞ የበላ አላየሁም።» ከዚያ ወደ እኔ አዩ። «አንተ ልጅ፣ ማን ነው ቆመህ ብላ ያለህ?»

ልጅቷ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን አየሁ። ሁሉ ነገር ገብቷታል፤ ወይም ፊቴ ላይ አንብባዋለች። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። «መኪና ላይ ተቀምጬ ስለዋልኩ ነው» ብል ሁሉም ይስቅና ያልፍ ነበር።

ለምን እንዳላልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እውነተኛ ሰው ስለሆንኩ አይመስለኝም። ዳቦው ገና አፌ ውስጥ ነበር። ጣዕሙ የቤታችን ዳቦ ጣዕም ነበር፣ እናም ያን ሁሉ ዘመን አገሩን ሲጠየቅ ዝም ያለው ሰው ከእኔ ጋር እዚያ ደጃፍ ላይ የቆመ መሰለኝ።

«እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚበላው» አልኩ። «በዚሁ ቀን። ከደጅ ቆመን።»

እማሆይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እልልታው መጣ። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ፤ የጠፋው ወንድም ተገኝቷልና እልል አሉ። አባቷ አንገቴን አቅፈው ግራ ቀኝ ሳሙኝ። በዚያ ሁሉ እልልታ መሀል ልጅቷ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

አባቷ ናቸው መቁጠር የጀመሩት። ከራሳቸው ተነሥተው በጣታቸው ወጡ፤ አምስተኛው ላይ ዳቦውን ያሻገረው ታላቅ ወንድም ተገኘ። እኔ ከአባቴ ጀመርኩ፤ አምስተኛው ላይ ተማሪው። የሁለቱ አባት አንድ ነው። ስድስት። እንደገና ቆጠሩ፣ ስድስት። በሦስተኛው ጊዜ በጣም ቀስ ብለው፣ ከመሀል የተረሳ አንድ አባት እንደሚፈልግ ሰው፣ በየስሙ ላይ እየቆሙ ቆጠሩ።

«አንድ ቤት ነው እኮ የጎደለው» አሉ።

«ታዲያ አንዱን ከየት ታመጣዋለህ?» አሏቸው እማሆይ። ያለ ቁጣ ነው ያሉት። አባቷ ጣታቸውን አጠፉ።

እስከ መናኸሪያው ልጅቷ ሸኘችኝ።

«ወረቀቱን ይዘኸው ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«አምጣው።» አንብባ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። «ሁለተኛው ደስ ይላል። ለልጅም ይሆን ነበር።»

አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልመለሰችልኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ስመለስ በመስኮቱ የጤፍ ማሳ ላይ ነፋስ ሲሄድ አያለሁ። ግንደወይንን አለፍን፣ ደብረ ወርቅን አለፍን። ያ ካርታ ትዝ አለኝ። የእኛንም በልቤ ሣልኩት፦ አንድ ነጥብ ሞጣ፣ አንድ ነጥብ ቢቸና፣ በመሀል እኔ የተቀመጥኩበት ሚኒባስ። ለዓመታት ስመኘው የነበረ ነገር ነው። ነጥቡ የሚያርፈው እሷ ቤት ላይ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ለፖላንዷ ሴትዮ ጻፍኩላቸው። የእናንተ ስም የያዙ ሁለት ሰዎች ቢዋደዱ ምን ታደርጋላችሁ አልኳቸው። አንድ ጊዜ ሆኗል አሉ፤ ዝምድናው ከሩቅ ስለነበረ ተጋቡ፣ ሙሽራዋ ስሟን መቀየር ስላላስፈለጋት በሠርጉ ላይ ሁሉም ሲስቅ ዋለ። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳቅሁም፤ ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ትንሽ በእግሬ ሄድኩ።

ዘንድሮ በዝክራችን ቀን የሞጣው ሚኒባስ ሹፌር ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ካፖርቱን እንደለበስኩ ወጣሁ። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ አቀበለኝ፤ ከመኪናው ሙቀት ይሁን ከምጣዱ አላውቅም፣ ገና ለብ ይላል።

«ከእህትህ ነው» አለኝ። «እህት እንዳለችህ አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር።»

ቋጠሮውን ፈትቼ ቆረስኩለት። ዳቦውን ተቀብሎ ወደ ሱቁ ውስጥ፣ ወደ አግዳሚው አየ።

«ቁጭ ብለን እንብላው እንጂ» አለኝ።

«እኛ ቤት ቆመን ነው» አልኩት። እሱም ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆመ።